ከጓንት ያፈተለከች ኳስ

«ኒካኖር ጨዋታውን የሸጠው በአንድ ጥንድ ጫማ ነው! ነጭና ቡናማ፣ አዲስ፣ ሶሉ ገና አቧራ ያልቀመሰ!»

ሽማግሌው ማክሲሚኖ ይህን ወሬ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲደጋግመው ኖረ፤ በየማክሰኞው፣ ጋዜጣው በባቡር ደርሶ የእሑዱ የቤዝቦል ጨዋታ ዘገባ ከመነበቡ በፊት፣ የትንባሆ ቅጠሉን በመዳፉ እያለሰለሰ፣ ገና ዛሬ ጠዋት እንደ ሰማው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጀምርና፣ ጫማው ጋ ሲደርስ አዳራሹ በሙሉ እንዲሰማው አድርጎ ይጨርሰዋል። ጫማውን በዓይኑ አይቶታል የሚባለው ሰው ግን በየጊዜው ይለዋወጥ ነበር፤ አንዴ ፀጉር አስተካካዩ፣ አንዴ የባቡር ጣቢያው ዘበኛ፣ አንዴም የቄሱ እኅት።

ዘመኑ በአገሬው አቆጣጠር ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ሁለት፣ ወሩ ነሐሴ ነበር፤ ዓለም በጦርነት ስትነድ፣ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች እስከ ካሪቢያን ባሕር ዘልቀው የስኳር ጫኝ መርከቦችን እየለቀሙ ሲያሰጥሙ፣ የኩባ ሰው ግን ከጦርነቱ ይልቅ ባለፈው ጥቅምት በዓለም አማተሮች ዋንጫ፣ ሐባና ላይ፣ በቬኔዙዌላ ሦስት ለአንድ የተረታበትን ቀን እያሰበ ጥርሱን ያፋጭ ነበር። በገዛ ሜዳው! በገዛ ሕዝቡ ፊት! ዋንጫው በመጪው መስከረም እንደ ገና እዚያው ሐባና ሊደረግ ነውና፣ ከደሴቲቱ ዳር እስከ ዳር በእያንዳንዱ ዶሚኖ ጠረጴዛ ላይ የሚወራው ስለ በቀል ብቻ ነበር።

በካማሁዋኒ ከተማ የሲጋር ፋብሪካ፣ ከሲጋር ጠቅላዮቹ መደዳ በላይ በቆመው የእንጨት ሰገነት ላይ የምትቀመጠው ኦቲሊያ ባሬራም በቀል ታስባለች፤ የእርሷ ግን ከቬኔዙዌላ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረውም።

ኦቲሊያ የፋብሪካው አንባቢ ናት። ሁለት መቶ ሰው አንገቱን ደፍቶ ሲጋር ሲጠቀልል፣ እርሷ ጠዋት ጋዜጣ፣ ከምሳ በኋላ ልብ ወለድ ታነባለች፤ የመረጣትም ባለፋብሪካው ሳይሆን ሠራተኛው በድምፁ ነው። ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም፤ ፊደል የለየችው ከሲጋር ሣጥን ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ነው፤ በዚህም ስለምትኮራ፣ ቃል የሚሳሳት የተማረ ሰው ካገኘች በሕዝብ ፊት ሳታርመው አታልፍም። ጠቅላዮቹ ያነበበችው ሲያስደስታቸው ቅጠል የሚቆርጡበትን ምላጭ በጠረጴዛው ላይ እየደበደቡ ያጨበጭቡላታል፤ የናቁት ሰው ሲኖር ደግሞ አንድም ቃል ሳይናገሩ ምላጫቸውን ወደ ወለሉ ይለቁታል። ይህ የብረት ዝናብ የወረደበት ሰው በዚያች ከተማ ከእንግዲህ ቀና ብሎ አይሄድም።

አንባቢ ደግሞ የማይሻር አንድ ሕግ አለባት፤ የታተመውን እንደ ታተመ ታነባለች፣ ከራሷ አትጨምርም፣ ከራሷም አትቀንስም። ኦቲሊያን ያቃጠላት ይኸው ሕግ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በሰኔ፣ የፋብሪካው ቡድን ለአውራጃው ዋንጫ ከሬሜዲዮስ ቡድን ጋር በሬሜዲዮስ ሜዳ ተጋጠመ። ኳሱን የሚወረውረው የኦቲሊያ ታላቅ ወንድም ኒካኖር ነበር፤ ከመቺው ጀርባ ተንበርክኮ ኳሱን በጓንቱ የሚቀበለው ደግሞ የአሥራ ስድስት ዓመቱ ሊሳርዶ። ዘጠነኛውና መጨረሻው ዙር ሲደርስ የፋብሪካው ቡድን ሁለት ለአንድ ይመራል፤ ከሬሜዲዮስ ሁለት ሯጮች በማዕዘኖቹ ላይ ቆመው ነጥብ ወደሚቆጠርበት «ቤት» ለመግባት ያደባሉ፤ ሁለት መቺ ቀድሞ ከጨዋታው ወጥቷል፤ የቀረው መቺ ሁለቴ ስቷል፤ አንዴ ከሳተ ዋንጫው የካማሁዋኒ ነው። ኒካኖር ያቺን ዝቅ ብላ የምትሰምጥ ኳሱን ለቀቃት። መቺው አየር መታ። ሳተ!

የካማሁዋኒ ሰው ባርኔጣውን ወደ ሰማይ ወረወረ፤ ነገር ግን መቺ ሦስቴ ስቶም ቢሆን ተቀባዩ ኳሷን ካልያዘ ጨዋታው አላለቀም፤ ኳሷም ከሊሳርዶ ኋላ እስከ አጥሩ ድረስ እየተንከባለለች ነበር። አንዱ ሯጭ ገባ። ሁለተኛው ገባ። ሦስት ለሁለት።

እንዲህ ያለ ጊዜ በዳይዋን እጅ የሚለየው የሊጉ መዝጋቢ እርሳስ ነው፤ ኳሷ ከመስመር ወጥታ ተወርውራ ከሆነ «የወርዋሪ ጥፋት»፣ ጓንት ውስጥ ገብታ ያመለጠች ከሆነ «የተቀባይ ጥፋት» ብሎ ይጽፋል፤ አንዴ ከጻፈም ያ ፍርድ ይግባኝ የለውም። መዝጋቢው ሃያ ዓመት በዚያ ወንበር የተቀመጠው ዶን ሴቬሮ ነበር። ኦቲሊያ ከአጥሩ ኋላ ቆማ ኳሷ ጓንቱ ውስጥ ገብታ ስትወጣ በሁለት ዓይኗ አይታለች። ዶን ሴቬሮ ግን «የወርዋሪ ጥፋት» ብሎ ጻፈ። ዶን ሴቬሮ የሊሳርዶ አጎት ነው።

ማክሰኞ ጋዜጣው መጣ፤ ኦቲሊያም ሰገነቱ ላይ ወጥታ የወንድሟን ውርደት በገዛ አፏ አነበበች፤ «ወርዋሪው ባሬራ በወሳኙ ሰዓት እጁ ከዳው» የሚለውን ቃል እንኳ ሳታስቀር። ምላጮቹ ያን ቀን ወለሉን መቱት፤ ለእርሷ ሳይሆን፣ እታች ሦስተኛው መደዳ ላይ ለተቀመጠው ለኒካኖር።

ሳምንት ሳይሞላ በኒካኖር እግር ላይ ነጭና ቡናማ ጫማ ታየ። ወሬው ከዚህ ተወለደ።

«ማነው የሰጠህ?» አለችው ያን ዕለት።

«ሰው ነዋ።»

«ሰው መሆኑንማ አውቃለሁ፣ በሬ ጫማ አይሰጥም! ከተማው ምን እንደሚል አልሰማህም?»

«ሰማሁ፣ ኦቲ። የሬሜዲዮስ ሰዎች እኔን በጫማ ከገዙኝ በጣም ረክሼአለሁ፤ ቢያንስ ኮፍያም ይጨምሩልኝ ነበር» ብሎ ሳቀ።

«ሄደህ ሴቬሮን ለምን አታንቀውም? እኔ አይቻለሁ! ኳሷ የዚያ ቂጡን ያልጠረገ ልጅ ጓንት ውስጥ ገብታ ወጣች!»

«ተዪው» አላት፤ ሳቁም ጠፋ። «የተጻፈው ተጽፏል።»

ከዚያ ወዲያ ለኒካኖር በዶሚኖ ጠረጴዛ ወንበር የሚለቅለት ጠፋ፤ ሲያልፍ ልጆች ሳይቀሩ ወደ እግሩ እያዩ ያፏጩበት ጀመር። በጥር ወር ከካይባሪየን ወደብ በስኳር ጫኝ መርከብ ተቀጥሮ ሄደ። ጫማውን ለእኅቱ ተወላት፤ «ባሕር ላይ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ። ዓመት ከመንፈቅ እየተመላለሰ ኖረ፤ በዚህ ዓመት ሰኔ ላይ ግን መርከቡ ሳይመለስ ቀረ፤ ከሠላሳ አንድ መርከበኛ የተረፉት አራት ናቸው፤ ከአራቱ ኒካኖር የለበትም።

ኦቲሊያ አላለቀሰችም። ያሰጠመችውን ሰርጓጅ መርከብም አልረገመችም። ሰርጓጂቱ ወንድሟን ያገኘችው ባሕር ላይ ነው፤ ባሕር ላይ የጣለው ግን እርሳስ ነው።

እንግዲህ በዚሁ ዓመት ሐምሌ የዶን ሴቬሮ ዓይን በሞራ ተሸፈነ፤ የሊጉ ሰዎችም ሌላ መዝጋቢ ሲፈልጉ፣ ንባቧ የተመሰገነ፣ ሕጉን ከእነ ቁጥሩ በቃሏ የምትወጣው ኦቲሊያ ብቻ ሆና ተገኘች። «ሴት?» ያለ ነበር። «ከእናንተ መካከል የሕጉን መጽሐፍ አንብቦ የጨረሰ አንድ ወንድ ይቁምና ቦታውን ልልቀቅለት» ብትል፣ የቆመ ጠፋ። መዝገቡና እርሳሱ በእጇ ገባ። ሴቬሮ አሮጌዎቹን መዝገቦች እቤቱ አስቀርቶ አዲሱን ብቻ አስረከባት፤ እርሷም የድሮውን አሳዩኝ አላለችም። በውስጡ ያለውን አውቀዋለሁ ብላ ነው።

የነሐሴ ሁለተኛ እሑድ የሬሜዲዮስ ቡድን ወደ ካማሁዋኒ መጣ። ሙቀቱ የዘንባባውን ቅጠል አንጠልጥሎታል፤ የሸንኮራ ጭማቂ ሻጩ በሦስተኛው ዙር በረዶ አለቀበት። የዚያን ቀን ሜዳው ጢም ብሎ የሞላው ግን ለዋንጫ አልነበረም፤ ነጭ በፍታ የለበሰ አንድ ሰው ከሐባና መጥቶ ነበር፤ ለብሔራዊው ቡድን ተቀባይ መራጭ። አሁን አሥራ ስምንት ዓመት የሞላውን፣ በአውራጃው ወደር ያልተገኘለትን ሊሳርዶን ሊያይ ነው የመጣው።

ሰውዬው ሰባተኛው ዙር ላይ ሰዓቱን አይቶ ተነሣ፤ የአሥር ሰዓት ተኩሉ ባቡር ካመለጠው ሌላ የለውም። ወደ መዝጋቢዋ ጠረጴዛ መጣና ባርኔጣውን አነሣ።

«እመቤቲቱ፣ እስካሁን እጁ ንጹሕ ነው። ከማታንሳስ ከተማው ተቀባይ ልጅ ጋር እኩል ናቸው፤ በፀጉር አይለያዩም። የቀረውን መዝገብ ግልባጭ በነገው ፖስታ ላኩልኝ። ንጹሕ ከጨረሰ ስሙን አስገባዋለሁ፤ አንዲት ጥፋት ካለችበት ግን የማታንሳሱ ይሄዳል።»

«እንደ ተጻፈ እልክልዎታለሁ፣ ጌታዬ» አለች ኦቲሊያ።

ዶን ሴቬሮ ከጎኗ ተቀምጦ ነበር፤ ከልማድ የተነሣ ያን ወንበር መተው አልቻለም። ጥቁር መነጽር አድርጓል፤ ጨዋታውን የሚከተለው በጆሮው ነው። ሰውዬው ሲሄድ በደስታ የእህቱን ልጅ ስም እየጠራ መዳፉን በጉልበቱ ላይ አሻሸ። ኦቲሊያ እርሳሷን በምላጭ ቀረጸች፤ በቀስታ፣ ጫፉ መርፌ እስኪመስል።

ዘጠነኛው ዙር። ካማሁዋኒ አራት ለሦስት ይመራል፤ ከሬሜዲዮስ አንድ ሯጭ ሦስተኛው ማዕዘን ላይ አለ። የካማሁዋኒ ወርዋሪ ደክሟል፤ ትከሻው ወርዷል፤ የወረወራትም ኳስ ከእጁ ተንሸራትታ፣ ከመቺው ሁለት ክንድ ቀድማ መሬት መታች፤ አቧራ አስነሥታ፣ እንደ ፌንጣ ነጥራ፣ ከተዘረጋው ከሊሳርዶ ትከሻ በላይ አለፈች። ከሰው የተወለደ ተቀባይ አይዛትም። ሯጩ ገባ፤ አራት ለአራት ሆነ። የሜዳው ሰው ሁሉ በአቧራውና በጩኸቱ መካከል ምን እንደሆነ ሳያይ፣ መዝጋቢዋ አየች። ጥርት አድርጋ አየች።

«የተቀባይ ጥፋት» ብላ ጻፈች።

ሴቬሮ የእርሳሱን ጭረት ሰምቶ ዞረ።

«እንዴት ብለሽ ጻፍሽው፣ ልጄ?»

«እርስዎ እንዳስተማሩኝ።»

«ኳሷ መሬት መትታለች። ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ አልታወረም፤ ስትመታ ሰምቻለሁ!»

«መዝገብ የሚጻፈው በዓይን ነው፣ ዶን ሴቬሮ። ዓይን ደግሞ አሁን ያለው እኔ ጋ ነው።»

 ሽማግሌው እጁን በጠረጴዛው ላይ እየዳበሰ ወደ እጇ አስጠጋ፤ ድምፁም ተለወጠ።

«ኦቲሊያ፤ ምለህ ዝም በል ስለ ተባልሁ ነው እስካሁን… አሁን ግን ሞቷልና እግዜር ይፍታኝ። ስለ ወንድምሽ አንድ ነገር…»

«የወንድሜን ስም በዚያ አፍዎ አያንሡት!» ብላ ጮኸች፤ እጇንም ከእሳት እንደሚሸሽ ሰው ሳበችው። «ሃያ ዓመት የፈለጉትን ሲጽፉ ኖረዋል፤ ማን ከለከለዎት? ዛሬ እርሳሱ የእኔ ነው፤ ዝም ብለው ይስሙ!»

ሴቬሮ እጁን ወደ ጉልበቱ መለሰ። በዚሁ ዙር መጨረሻ ሊሳርዶ ራሱ ኳስ አጥር ላይ ደርሶ እስኪመለስ መትቶ የማሸነፊያውን ነጥብ አስገባ፤ አምስት ለአራት። ሰዉ በትከሻው ተሸክሞት ዞረ። ኦቲሊያ ያንንም ጻፈች፤ እርሷ ሐቀኛ መዝጋቢ ናት፤ አንድ ቃል ብቻ ነው የለወጠችው።

ማክሰኞ፣ ማክሲሚኖ ስለ ጫማው የተለመደውን ገና እንደ ጀመረ፣ ኦቲሊያ በመዳፏ የሰገነቱን እንጨት መታች።

«ዝም በል፣ ማክሲሚኖ። ዛሬ የጫማህ ቀብር ነው።»

ሳቅ ሆነ። ጋዜጣውን ገለጠች። የታተመው ዘገባ የራሷ ነው፤ መዝጋቢ ለጋዜጣ ይልካል፣ አንባቢ የታተመውን ያነባል፣ ሕጉም አልተጣሰም። መጀመሪያ ድሉን አነበበች፤ ምላጮቹ ጠረጴዛውን እየደበደቡ አዳራሹን አናወጡት፤ ሊሳርዶ ከአራተኛው መደዳ ተነሥቶ እጅ ነሣ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤

«‹ነገር ግን በዘጠነኛው ዙር ኳሷ ከተቀባዩ እጅ አፈተለከች። አንባብያን ያስታውሱ እንደሆነ፣ ከሁለት ዓመት በፊት በሬሜዲዮስ፣ በዚያው በዘጠነኛው ዙር፣ ከእነዚያው እጆች አንዲት ኳስ አፈትልካ ነበር። የዚያን ጊዜውን እርሳስ የያዘው ሰው ግን የተቀባዩ አጎት ነበርና፣ ጥፋቱ በወርዋሪው በኒካኖር ባሬራ ስም ተጻፈ። ባሬራ ዛሬ መልስ መስጠት አይችልም፤ ባሕር ውስጥ ነው።›»

 ከዚያ ከኋላው መደዳ አንድ ምላጭ ወለሉን መታ። ቀጥሎ አምስት። ቀጥሎ ሁለት መቶ። የመጨረሻዋን የጣላት ማክሲሚኖ ነው፤ ሁለት ዓመት ያወራውን በአንዲት ደቂቃ ወደ ሌላ ሰው አዞረ፤ ፊቱ ላይም ምንም አልታየበትም።

ሊሳርዶ ምላጩን በጨርቅ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። ሰገነቱ ሥር ሲደርስ ቆመ።

«የያኔውን አላውቅም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፣ ፈርቼ ነበር። የእሑዷ ግን መሬት መትታ ነው የመጣችው። አይተሽ የለም እንዴ?»

«የተጻፈው ተጽፏል» አለችው ኦቲሊያ፤ ቃሉን ከየት እንደወሰደችው ታውቃለች፤ ጣፈጣትም።

በመስከረም መጨረሻ ወደ ሐባና የሄደው የማታንሳሱ ልጅ ነው። በጥቅምት ኩባ ቬኔዙዌላን ስምንት ለባዶ አሸነፈች፤ የካማሁዋኒ ሰው በአደባባዩ ራዲዮ ሥር እስኪነጋ ጨፈረ፤ ሊሳርዶ ግን በዚያን ጊዜ በካማጉዌ የሸንኮራ እርሻ ላይ ነበረ፤ ዳግመኛ ጓንት አላጠለቀም ይባላል። ዶን ሴቬሮ በሁለተኛው ዓመት ሞተ። ለቀብሩ የሄደው ሰው ከአንድ ጋሪ አይበልጥም ነበር።

ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ፋብሪካው ራዲዮ አስገባ፤ ሰገነቱ ፈርሶ እንጨቱ ለሣጥን ዋለ፤ ኦቲሊያም ወርዳ እታች ከሴቶቹ ጋር የቅጠል ጅማት ትገነጥል ጀመር። በአንድ ማክሰኞ የሴቬሮ ሚስት ዶኛ ኤውላልያ በዱቄት ከረጢት የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣች፤ ቤቷን ሽጣ ወደ ሴንፉዌጎስ ልጇ ጋ ልትሄድ ነው።

«ይኸውልሽ» አለች አሮጊቷ፤ «ሲሞት ለእርሷ ስጪያት ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ተቀይሜሽ አስቀረሁት። አሁን ቂሙም ደከመኝ።» ከበሩ ልትወጣ ስትል ዞረች። «ያ ጫማ… ለሃያ አምስተኛ ዓመት ጋብቻችን ያሰፋው ነበር፤ አንዴም ሳያደርገው ለወንድምሽ ሰጠው። ለመሆኑ ልኩ ነበር?»

 ኦቲሊያ ከረጢቱን ፈታች።

የሊጉ ታሪክ ሊሳርዶ በነሐሴው እሑድ እንዳጠፋ ጽፎ ዘግቷል፤ ጋዜጦቹ ስምንት ለባዶውን በትልልቅ ፊደል ይዘዋል፤ በካማሁዋኒ ስለ ሬሜዲዮሱ ጨዋታ የሚጠየቅ ሰው ቢኖር ሴቬሮ የሚባል ውሸታም መዝጋቢ እንደ ነበር ይናገራል፤ ታሪክ ጮክ ተብሎ የተነበበለትን ያስታውሳልና። አሁን የሚያነብ የለም፤ ከግድግዳው ላይ ያለው ራዲዮ የሐባናን ጨዋታ እያንጫጫ ነበር፤ ከጠቅላዮቹም ቀና ያለ አልነበረም።

የሺህ ዘጠኝ መቶ አርባው መዝገብ፣ የሰኔው ገጽ፣ ዘጠነኛው ዙር። በኅዳጉ ላይ በሴቬሮ እጅ፣ በትናንሽ ፊደል እንዲህ ተጽፏል፤ «ኳሷ ያፈተለከችው ከተቀባዩ ጓንት ነው፤ አይቻለሁ። ወርዋሪው መጥቶ በእኔ ላይ ጻፈው ብሎ ለመነኝ፤ ልጁ ገና አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ከተማው ይበላዋል፣ የእኔ ትከሻ ይችለዋል አለ። ለእኅቱም እንዳልናገር አስማለኝ። እምቢ ማለት ይገባኝ ነበር።» ከሥሩም ጅራቷ ከመስመር ወርዳ የምትጎተት፣ ኦቲሊያ ራሷ በወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ እጁን ይዛ ያስተማረችው አንዲት ፊርማ ነበረች፤ ኒካኖር ባሬራ።